ስለ ውፍረትና ስለ ክሳት ያለን የተሳሳተ አስተያየት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የጤና ክበብ አባል በሆነች በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት ርእስ ለበዓል ቀን የሚስማማ አይደለም ያሉኝ ጓደኞች አሉ። እኔ ግን ከዚህ ስብሰባ በኋላ ሁላችንም ወደ ማዕድ የምንሄድ ስለ ሆነ፥ ስለ መብላትና ስለ አለመብላት ለመናገር ከዛሬ የተሻለ ቀን አላገኘሁም።

ንግግሬ ስለ ሰውነት ክብደት ነው፤ ይህም ማለት ስለ ውፍረትና ስለ ክሳት፥ እንዲሁም ቀጥናለሁ ብሎ ምግብን ስለ መተው ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ሁላችንም ሐኪሞች ነን። በሽታው በሆድ ውስጥ የተሰወረ ሲሆን «ሐኪም ይየው» እንላለን፤ ውፍረትና ክሳት ግን በዓይን የሚታይ ስለ ሆነ ማንም ሰው ያለ ምርመራ ይፈርዳል። እኔም ላስረዳ የምፈልገው ይህ የዓይን ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሳሳት መሆኑንና፥ ስሕተቱም በእኛ ዕድሜ ያሉትን ልጆች ለከባድ አደጋ ሊያደርስ የሚችል መሆኑን ነው።

ነገሩን ከሰላምታችን ልጀምር። የደብረ ሲናን ቁልቁለት ወርዶ ሮቢት ላይ ከመኪና የሚወርድ ዘመድ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ የሚሰማው ቃል የታወቀ ነው። «እሰይ፥ ወፍረሻል! አምሮብሻል!» ይባላል፤ ወይም «ምነው እንዲህ ከሳሽ? ምነው ጠቆርሽ? ታመሽ ነበር እንዴ?» ይባላል። ተናጋሪው ክፉ አስቦ አይደለም፤ እንዲያውም ይህን የማይል ዘመድ እንደ ባዕድ ይቆጠራል። በቋንቋችን «ሥጋ ለበሰ» ማለት ተመቸው ማለት ነው፤ «ፊቱ ሞላ» ማለት ኑሮ ሰመረለት ማለት ነው፤ «መነመነ» ስንል ግን ችግር ወይም በሽታ ገባበት ማለታችን ነው።

ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት አልመጣም። አገራችን ረኀብን የምታውቀው በወሬ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የደረሰውን ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ላይ የተሰማው የኮረምና የመቀሌ ስም ቢሆንም፥ በዚያን ጊዜ ይፋትና ጥሙጋ ተብሎ ይጠራ የነበረው የእኛው አውራጃም ከተጎዱት አንዱ ነበር። ማሽላው ሳያፈራ በቀረ ዓመት የእህሉ ጎተራ ባዶ ሲሆን፥ ለሰው የሚቀረው ጎተራ በገዛ ሰውነቱ ያጠራቀመው ሥጋ ብቻ ነው። ስለዚህ አያቶቻችን ወፍራሙን ሰው «ጤነኛ» ብለው ቢጠሩት፥ ከሲታውንም አይተው ቢደነግጡ፥ የተናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ነው። አራስ ቤት የገባ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ገንፎው፥ ቅቤው፥ አጥሚቱ ሁሉ የሚቀርበው አራሷ ወፍራና አምሮባት እንድትወጣ ነው፤ ከስታ ብትወጣ የሚታሙት ባልዋና እናትዋ ናቸው።

በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት የቦዲ ሰዎች ከዚህም አልፈው ውፍረትን የውድድር ጉዳይ አድርገውታል። ካኤል በሚባለው በዓላቸው ከየጎሣው የተመረጡ ወንዶች ለወራት ያህል የላም ወተትና ደም እየጠጡ ከሥራ ተለይተው ይሰነብቱና፥ በበዓሉ ቀን ከሁሉ የበለጠ የወፈረው ይከበራል። ነገሩ ለእኛ ለይፋቶች እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን «እሰይ ወፈርሽ» ከሚለው ሰላምታችን የሚለየው በመጠን እንጂ በዓይነት አይመስለኝም። ደግሞም ስዊድን ከአገራችን ጋር ተባብራ በ1954 ዓ.ም. ያቋቋመችው የሕፃናት ምግብ ክፍል፥ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፥ ከስንዴና ከጥራጥሬ ዱቄት ከወተት ዱቄትም ጋር ያዘጋጀውን የሕፃናት ምግብ ስም ሲያወጣለት ምን ብሎ ጠራው? «ፋፋ» አለው። የቃሉን ትርጉም ለእናቶቼ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እንግዲህ መፋፋት ለተራበ ልጅ መድኃኒት መሆኑን ማንም አይክድም። ስሕተቱ የሚጀምረው ያበጠውን ሁሉ ፋፋ ስንለው ነው።

ከምግብ እጦት የሚመጣ አንድ ከባድ የሕፃናት በሽታ አለ፤ ስሙ ኳሺዮርኮር ይባላል። ቃሉ የጋና ሰዎች ከሚናገሩት ከጋ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፥ ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባሉ ሴት ሐኪም በዚያ አገር ሲሠሩ ከእናቶች ሰምተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ለሕክምናው ዓለም አስታወቁት። ትርጉሙም ታናሹ ሲወለድ ከእናቱ ጡት የተፈናቀለ ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ይህ ልጅ አይከሳም። ጉንጩ ይነፋል፥ እግሩ ይሞላል፥ ሆዱ ይቆዘራል። ጎረቤት አይቶ «ምን የመሰለ ወፍራም ልጅ ነው!» ሊል ይችላል። ሰውነቱን የሞላው ግን ውሃ ነው እንጂ ሥጋ አይደለም፤ ልጁም በሞት አፋፍ ላይ ነው። እናቶቼ ሆይ፥ ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። በሁለቱም እግሮቹ ላይ የላይኛውን ገጽ በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ እስከ ሦስት ቍጠሩና ልቀቁ፤ ጣታችሁ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ከቀረ ልጁን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን የክንዱን ዙሪያ በሜትር ሲለኩና እግሩን ሲጫኑ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ክንዱ ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ፥ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ በጣም ተጎድቷል ይባላል፤ እግሩ ያበጠ ልጅ ግን ክንዱ ምንም ያህል ቢሞላ እንደ ተጎዳ ይቆጠራል።

ይህ እንግዲህ የወፈረ መስሎ የታመመው ነው። ከስቶ እያለ በሽታው የሚካድበትም አለ። የስኳር በሽታ በአገራችን «የሀብታም በሽታ» ይባላል፤ ወፍራም ነጋዴና ባለመኪና የሚይዘው ይመስለናል። በጎንደር ግን ሺታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በገጠር ያገኟቸውን የስኳር ሕመምተኞች መርምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ ያስረዱት ነገር ከዚህ በጣም የራቀ ነው። ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ከእነዚህ የገጠር ሕመምተኞች ብዙዎቹ ወጣት፥ ድሀና ቀጭን ገበሬዎች ነበሩ፤ ሐኪሞቹም በሽታው ከልጅነት የምግብ እጦት ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ቆይቶ፥ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። ቀጭን ገበሬ አብዝቶ ውሃ ሲጠማና ሽንት ሲያመላልሰው «ይህስ ስኳር አይይዘውም» ብሎ የሚመልሰው ሰው ካለ፥ ፈራጁ ዓይኑ ነው።

ኤች አይ ቪ በአገራችን በበረታበት ዘመን የሆነውንም ወላጆቻችን አይረሱትም። የከሳ ሰው ሁሉ ይታማ ነበር። በሌላ በሽታ የታመመውና በችግር የመነመነው ከሰው ተለየ፤ ቫይረሱ በደሙ ያለበት ወፍራም ሰው ግን ያለ ጥርጣሬ ይኖር ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ አሮጌው ስሕተት ነው። አሁን ወደ አዲሱ ልለፍ፤ ይህኛው በእናንተ ዘመን ስላልነበረ፥ አባቶቼና እናቶቼ፥ በተለይ እናንተ እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ዛሬ በአንድ ቤት ውስጥ እናት «ብዪ እንጂ ልጄ፥ አጥንትሽ ወጣ» ትላለች፤ በልጅቱ እጅ ያለው ስልክ ደግሞ «ወፍረሻልና አትብዪ» ይላታል። ቲክቶክ የሚባለውን የከፈተች ልጅ በአንድ ምሽት የምታየውን የቀጭን ወገብ ብዛት ቅድመ አያትዋ በዕድሜዋ ሙሉ አላየችም። ከሥዕሉ ሥር ደግሞ ሻጩ አለ፤ የማቅጠኛ ሻይ፥ ሆድ የሚያጠፋ ቀበቶ፥ በ7 ቀን 7 ኪሎ የሚቀንስ ዱቄት ይሸጣል። ለወንዶቹም ጡንቻ የሚያበቅል ዱቄት አለላቸው።

«ይህ የፈረንጅ ልጆች በሽታ ነው፥ እኛ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ለዚህ የፊጂን ታሪክ ልንገራችሁ። ፊጂ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች የደሴቶች አገር ናት። ሕዝቧ እንደ እኛ ሞላ ያለ ሰውነት የሚወድ፥ ሰው ሲከሳ የሚጨነቅ፥ «ወፈርሽ» ማለትንም ምስጋና የሚያደርግ ሕዝብ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ናድሮጋ ወደሚባለው ክፍለ ሀገር ቴሌቪዥን ሲገባ አን ቤከር የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሆኑ ልጃገረዶችን ጠየቁ፤ ክብደት ለመቀነስ ብላ የበላችውን በፈቃዷ የምታስመልስ አንዲት እንኳ አልተገኘችም። ከ3 ዓመት በኋላ ተመልሰው በተመሳሳይ ዕድሜ ያሉትን ሲጠይቁ ከ100 ልጃገረዶች 11 ያህሉ ይህን እንደሚያደርጉ ተናገሩ። ወደ ፊጂ የገባው ቴሌቪዥን በየቤቱ የተቀመጠ አንድ ሣጥን ነበር፤ የእኛው ግን በኪሳችን ውስጥ ነው፥ ከእኛም ጋር ይተኛል።

በአገራችን የተደረገውን የሕዝብና ጤና ጥናት ስናይ፥ በ2008 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ከ100 ሴቶች መካከል 22ቱ ከተገቢው በታች የቀጠኑ ሲሆኑ፥ ከተገቢው በላይ የወፈሩት 8 ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የቀጠኑት 30፥ የወፈሩት 3 ነበሩ። ስለዚህ ከመጠን ያለፈ ውፍረት እየጨመረ መሄዱ እውነት ነው፤ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን እንደሚያስከትልም ሐኪሞች ሳይታክቱ ይናገራሉ። ነገር ግን በዚያ ጥናት እንደ ታየው በእኛ አገር ከወፍራሟ ይልቅ ከመጠን በላይ የቀጠነችዋ ትበዛ ነበር። እንዲህ ባለ አገር አጥንቷ ገና ለሚያድግ ለ16 ዓመት ልጅ «አትብዪ» የሚል ምክር ሲሰጥ መካሪው ማንን እንደሚመክር የሚያውቅ አይመስለኝም።

አሁን በተማሪዎች መካከል የሚነገሩትን አንዳንድ ምክሮች እንመልከት። ብዙ ካላቡ ስብ አይቀልጥም ይባላል፤ በዚህ በሮቢት ሙቀት ወገባቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው የሚሮጡ አሉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። በግንቦት ፀሐይ ሽንኩርት ሲያርም የዋለ ሰው ማታ ቢመዘን አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሶ ይገኛል፤ ሁለት ጆግ ውሃ ጠጥቶ ሲያድር ክብደቱ ይመለስለታል። የቀነሰው ውሃው ነው፤ ስቡ ባለበት አለ። አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡት ልጆች ይህን ቢያስረዱ ኖሮ ሳንቲማቸውን በእውነት ባገኙት ነበር። እንዲሁም ሎሚ በባዶ ሆድ ስብን ያቃጥላል ይላሉ። በሆዳችን ውስጥ እግዚአብሔር ያስቀመጠው አሲድ ከሎሚ እጅግ የበረታ ነው፤ እርሱ ያላቀለጠውን ስብ ሎሚ አያቀልጠውም።

የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚወስዱም አሉ። ኮሶ ለኮሶ ትል ተብሎ የተጠጣ ነው፤ ወገብ ለማቅጠን የጠጣው አባት አልሰማንም። የምግቡ ኃይል በቀጭኑ አንጀት ገብቶ ካለቀ በኋላ የሚያስቀምጠው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሠራው በወፍራሙ አንጀት ላይ ነው። ስለዚህ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ ከጨዎቹም መካከል ፖታሲየም የተባለው ሲጎድል ልብ ሥርዐቷን ታጣለች። የበላችውን የምታስመልስም እንዲሁ ናት። በዚህ ላይ ጥርሷ በአሲድ ይበላል፥ ከጆሮዋ በታች ያለው የምራቅ ዕጢ ያብጣል። ያን ጊዜ መስተዋት አይታ «ጉንጬ ወፈረ» ብላ ምግቡን ይብስ ትተወዋለች። ኳሺዮርኮር ስለ ያዘው ሕፃን የተናገርኩትን አስታውሱ፤ እብጠትን ውፍረት የማለት ስሕተት እዚህም ተደገመ።

ጫት ረኀብን ስለሚያስረሳ ለመቅጠን ይረዳል የሚል ወሬ በወንዶቹም በሴቶቹም አለ። ትምባሆም እንዲሁ ይመሰገናል። ረኀብን ማስረሳት ግን ሰውነትን መመገብ አይደለም፤ ሰውነት የሚያስፈልገውን ካጣ ቢረሳም ባይረሳም ይጎዳል።

የማወፈሪያውም ገበያ ከዚህ አያንስም፤ ምክንያቱም አሮጌው ስሕተት ገና አልሞተም። «ዳሌ ያወጣል» እየተባለ በስልክ የሚሸጥ ሽሮፕና ክኒን አለ። በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ለዚህ ከሚወሰዱት መድኃኒቶች መካከል አንዱ ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ እንቅልፍ ያበዛል፥ ያፈዛል። ሌላው ዴክሳሜታዞን ነው፤ ፊትን የሚነፋ፥ የደም ስኳርንና ግፊትን ከፍ የሚያደርግ፥ ለብዙ ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቋረጥም ሕይወትን የሚያሰጋ ብርቱ መድኃኒት ነው። ሐኪም ለታመመ ሰው ሲያዝዘው ጥሩ ነው፤ ለማማር የሚዋጥ ግን አይደለም።

ምግብን መቀነስ ራሱ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ በሚገባ የታየው በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፥ በጦርነቱ የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ፥ አንሰል ኪስ የተባሉት ሊቅ በፈቃዳቸው የመጡ 36 ጤነኛ ወጣቶችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1944 እስከ 1945 መረመሩ። ለ24 ሳምንታት በቀን በአማካይ 1,570 ካሎሪ ያህል ይሰጣቸው ነበር። ልብ በሉ፤ ዛሬ በስልክ የሚሰራጨው የመቅጠኛ ሥርዐት ብዙውን ጊዜ ከዚህም ያነሰ ነው። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። የልባቸው ምት ዘገየ፤ በበጋ ሙቀት ይበርዳቸው ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በአእምሯቸው የሆነው ነው። ስለ ምግብ ብቻ ማሰብና ማለም ጀመሩ፤ የወጥ ቤት መጽሐፍ ይሰበስቡ ነበር፤ ቁራሽ ዳቦ ቈራርሰው ረዥም ሰዓት ይበሉ ነበር፤ ተቈጡ፥ ተከዙ፥ ከጓደኛ ተለዩ። ምግቡ ሲመለስላቸው ከነዚህ አንዳንዶቹ ጠግበው እንኳ መብላት ማቆም አቃታቸው፤ ሰውነታቸውም መጀመሪያ ከነበረው የበለጠ ስብ አጠራቀመ። ምግብ ትታ የነበረች ልጅ በአንድ ሌሊት ድስት ስትጨርስ ቢያገኟት «ሆዳም» ይሏታል። ሆዳምነት አይደለም፤ ሰውነት ከረኀብ የሚያመልጥበት መንገዱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ምግብን መተው በአንዳንድ ሰው ላይ ከምርጫ አልፎ በሽታ ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 በፈረንሳይ ላሴግ፥ በእንግሊዝም ዊልያም ገል የተባሉት ሐኪሞች ይህን በሽታ ገለጡት፤ ገልም አኖሬክሲያ ነርቮሳ ብለው ሰየሙት። ሰውየው ወይም ልጅቱ ሰውነቷ መንምኖ እያለ ወፍራም መስሎ ይታያታል፤ መብላትን እንደ ሞት ትፈራለች። አብዝቶ በልቶ ማስመለስ የሚደጋገምበት ሌላው በሽታ ቡሊሚያ ይባላል፤ እርሱን በ1979 የለየው ጄራልድ ራስል ነው። የቡሊሚያ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ አይከሳም፥ አይወፍርም፤ ስለዚህ በዓይን ለሚፈርድ ሰው በሽታው ጨርሶ አይታይም። ከአእምሮ በሽታዎች ሁሉ አኖሬክሲያ ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ነው።

በአፍሪካስ አለ ወይ? በ2004 በጋና ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ከ668 ተማሪዎች መካከል 29ኙ በጣም የቀጠኑ ሆነው ተገኙ፤ ሲመረመሩም 10ሩ ያለ ሌላ ሕመም ራሳቸውን የሚያስርቡ ነበሩ። እነዚህ 10 ልጆች «ወፍራም ነን» አላሉም፤ አለመብላታቸውን በጾም፥ ራስን በመግዛት ነበር የሚያስረዱት።

ይህ ነገር እኛን ይመለከታል። በይፋት የምንኖር ክርስቲያኑም እስላሙም ጾም አዋቂ ሕዝብ ነን። ጾምን አልነቅፍም፤ ያደግሁት በጾም ቤት ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች የታመመን ሰው በጾም እንደማያስጨንቁ የንስሐ አባቱም ሼኩም ያስረዳሉ። እኔ የምለው ጾም መፍቻ ያለው መሆኑን ነው። የጾመ ሰው ፋሲካን ይናፍቃል፤ ለዶሮ ወጡ ቀን ይቆጥራል። በረመዳን የጾመውም መግሪብ ሲደርስ ቴምሩን በደስታ ይቀምሳል፥ ለዒድም ከዘመድ ጋር ይበላል። ታማሚዋ ልጅ ግን ጾም ሲገባ ደስ ይላታል፥ ሲወጣ ትጨነቃለች። በበዓል ማዕድ ላይ «በልቻለሁ» ትላለች፤ ጉርሻ ሲቀርብላት ዓይኗ እንባ ይሞላል፤ ለሌላው ደግሞ አብዝታ ታጎርሳለች፥ ታበስላለች። ሰፊ ልብስ ትለብሳለች። በሮቢት ሙቀት ሹራብ አታወልቅም፤ ይበርዳታልና። የወር አበባዋ ይቀራል፥ ፀጉሯ ይሳሳል፥ ከተቀመጠችበት ስትነሣ ያዞራታል። ከበላች በኋላ ወዲያው ወደ ጓሮ የምትሄድ ከሆነም ልብ በሉ። ጎበዝ ተማሪ ልትሆን ትችላለች፤ ብዙ ጊዜም ናት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጎረቤት «እንዴት ያለች ጾመኛ፥ እንዴት ያለች ቁጥብ ልጅ» ይላታል፤ ምስጋናውም በሽታውን ይመግበዋል።

ወንዶችም ይታመማሉ። በሩጫ ለመታወቅ ብሎ ምግብ የሚቀንስ ልጅ አጥንቱ ይደክማል፥ እግሩም በትንሽ ነገር ይሰበራል። ሯጮቻችን ቀጭን ሆነው የሚታዩት ስላልበሉ አይደለም፤ የበሉት በሩጫው ስለሚቃጠል ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በቤት ውስጥ ሲታይ የሚሰጠው ፍርድ የተለያየ ነው። አንዱ «ጥጋብ ነው» ይላል፤ ሌላው «ቡዳ በልቷት ነው» ይላል፤ አባትም ተቆጥቶ በግድ ሊያበላ ይነሣል። ይህ የመጨረሻው በተለይ አደገኛ ነው፤ ማስገደዱ ፍርሃቷን ማብዛቱ ብቻ ሳይሆን፥ ለብዙ ጊዜ የተራበ ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ሲገባበት የደሙ ጨው ይዛባና ልብ ሊቆም ይችላል። በጣም የተጎዱ ሕፃናት በሆስፒታል ሲታከሙ መጀመሪያ ኤፍ 75 የተባለው ቀለል ያለ ወተት በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጣቸውና፥ ጠንከር ያለው ምግብ ከዚያ በኋላ የሚከተለው በዚህ ምክንያት ነው። በድርቅ የተራበውና በዚህ በሽታ የተራበው ሰውነት በዚህ ረገድ አንድ ናቸው። ጠበሉም ዱዓውም ሐኪም ቤት ከመሄድ አይከለክሉም፤ ልጅቱን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፥ ከዚያም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይልኳችኋል። የልቧን ምትና የደሟን ጨው ያያሉ፤ የአእምሮ ሐኪምም ያነጋግራታል። በቤትም ስለ ሥጋዋ ወፈረችም ከሳችም አትበሉ። አብራችኋት ብሉ፤ በአንድ ትሪ ላይ።

ክብደት ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ኪሎ ብቻውን ምንም አይናገርም። ከቁመት ጋር መታየት አለበት። ኪሎውን በሜትር በተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ስናካፍለው ከ18 ነጥብ 5 እስከ 25 የሚደርስ ቍጥር ከወጣ፥ ለአዋቂ ሰው ተገቢ ነው ይባላል። ስሌቱን በ19ኛው መቶ ዘመን ያወጣው ኬትሌ የተባለ ቤልጂጋዊ የሒሳብ ሊቅ ነበር እንጂ ሐኪም አልነበረም፤ የሰው ልጅን አማካይ ለማወቅ ፈልጎ ነው ያወጣው። ስለዚህ ለብዙ ሰው ጥናት ይጠቅማል፥ ለአንድ ሰው ግን ፍጹም አይደለም። ከ19 ዓመት በታች ላለን ለእኛ ደግሞ ያ ቍጥር እንደ ዕድሜያችንና እንደ ጾታችን በልዩ ሠንጠረዥ ይታያል። በ15 ዓመቷ ዳሌዋ ሰፋ የሚል ልጅ አልወፈረችም፤ እያደገች ነው። ምግቡም ሩቅ አይደለም፤ ለውጭ ገበያ የምናሸገው ማሾ፥ ማሽላው፥ ፓፓያው፥ በየጓሮው ያለው እንቁላል፥ ከማቅጠኛው ዱቄት ሁሉ ርካሽ ነው።

በመጨረሻም አንድ ማስታወቂያ አለኝ። የጤና ክበባችን በሚመጣው ሳምንት የተማሪዎችን ቁመትና ክብደት ይለካል፤ ሰኞ ሴቶች፥ ማክሰኞ ወንዶች ከትምህርት በኋላ ይምጡ። ሚዛኑ ከመጋረጃ በስተኋላ ይሆናል። ቍጥሩ በሰልፍ ላይ ጮክ ተብሎ አይነበብም፤ በወረቀት ተጽፎ ለባለቤቱ ብቻ ይሰጣል። ሠንጠረዡን የሚያነብላችሁ ከጤና ጣቢያ የመጣ ነርስ አብሮን ይቀመጣል፤ ለብቻው ሊጠይቀው የሚፈልግ ቢኖር ሁለተኛ ወንበር አዘጋጅተናል።